ከመካነ ሰላም ገበያ እስከ ሰበር ችሎት፦ የንግድ ክርክር ጠበቃ ለመሆን

ጠበቃ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ተናጋሪ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ በግጥምና በምሳሌ ባላጋራውን ሲያስጨንቅ ዳኛውም አላፊ አግዳሚውም ይደመም ነበር። የዚያ ወግ ቅሪት አሁንም አለ፤ ልጅ አፈኛ ከሆነ «ይሄስ ጠበቃ ነው የሚወጣው» ይባላል። የንግድ ክርክር ግን አፈኛ ብዙም አያስፈልገውም። በዱቤ የሄደ እህል፣ ያልደረሰ ሲሚንቶ፣ የተጣላ ሽርክና፣ ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ሐራጅ የወጣ መያዣ፣ እነዚህ ሁሉ የሚረቱት በወረቀት ነው። ሙያው ወረቀቱን አስቀድሞ ማግኘት፣ በቀን በቀኑ መደርደርና በትክክለኛው ችሎት በትክክለኛው ሰዓት ማቅረብ ነው።

ይህን የምጽፈው በወሎ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላ፣ በለጋምቦ ወይም በሳይንት አድጋ በዚህ ሙያ መግባት ለምትፈልግ ወጣት ነው። «አንቺ» የምለው ጥያቄውን ያነሣችው የእህቴ ልጅ ስለሆነች ነው፤ ወንዶቹም ለራሳችሁ እያደረጋችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ከሕጉ በፊት ንግዱን እዪ

ብዙ የሕግ ተማሪ የሽያጭ ሕግ ተምሮ ሲያበቃ አንድ ኩንታል ስንዴ እንዴት እንደሚሸጥ አያውቅም። አንቺ ግን በር ላይ ነሽ። መካነ ሰላም በአንድ በኩል በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣ፣ በሌላ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያልፍ መንገድ አላት። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ በጉና በሬው በዚህ ይወጣል፤ ሸቀጡ፣ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው በዚያው ይገባል። አብዛኛው በቃል ነው። ነጋዴው የሚያውቀው የገዢውን አባት እንጂ የገዢውን የንግድ ምዝገባ ቁጥር አይደለም።

ክረምቱን ከእህል ነጋዴ ወይም ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጋር አሳልፊ። ስትሄጂ የምታዪውን ልንገርሽ። ሚዛኑን ማን ይመዝናል፣ ማንስ ይመዘግባል? ሾፌሩ ዕቃ ሲረከብ ይፈርማል ወይስ ስልክ ብቻ ይደወላል? ደላላው ኮሚሽኑን ከማን ይቀበላል? ዱቤው በየትኛው ደብተር፣ በማን እጅ ጽሑፍ ይሰፍራል? ቀብድ ሲሰጥ ምን ይባላል? ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ አንቀጾች አሉት፤ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ገበያው ይህን ከሕጉ መጽሐፍ በፊት ያውቀው ስለነበር ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ እዚያው ትማሪዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥሞና አስተውዪ። ግብር ለመቀነስ ሲባል ደረሰኝ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ይጻፋል። ሁለቱም ወገን በሳቅ ይፈርማሉ። ነገሩ ሲበላሽ ከሳሹ እውነተኛውን ዋጋ ሊጠይቅ ችሎት ይመጣል፤ በእጁ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ይላል። በጽሑፍ የሰፈረን ቃል በምስክር መቀልበስ በሕጋችን ከባድ ነው። በዚያ ላይ ነጋዴው «እውነተኛው ዋጋ ይሄ ነበር» ሲል ግብር አጭበርብሬያለሁ ማለቱም ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያየች ልጅ ጠበቃ ስትሆን ደንበኛዋን ስለ ደረሰኝ የምትመክረው ከሌሎች ቀድማ ነው።

ደረጃ 2፦ ሕግ ትምህርት ቤት፣ ግን አካውንቲንግም

የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ይወስዳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስም አሉ። የአንጋፋው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻ የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል። ያን ፈተና ሳታልፊ ዲግሪው እጅሽ አይገባም፤ ስለዚህ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ተዘጋጂ።

የትኛው ትምህርት ላይ መክረም እንዳለብሽ ብትጠይቂኝ ውል፣ ሽያጭ፣ የንግድ ማኅበራት፣ የሚተላለፉ የንግድ ሰነዶች፣ ኢንሹራንስ፣ ማስረጃና ከሁሉም በላይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እልሻለሁ። ሕገ መንግሥቱ ላይ ማታ ማታ ክርክር ማሸነፍ ደስ ይላል፤ እንጀራሽ ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ አሁንም በሥራ ላይ ነው። ሮበርት አለን ሴድለር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የሥነ ሥርዓት ማብራሪያም እንዲሁ አላረጀም፤ ፎቶ ኮፒውን ፈልጊ።

የንግድ ሕጉን በተመለከተ ተማሪውን ሁሌ የሚያሳስተው አንድ ጉዳይ አለ። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምረውት፣ እሳቸው ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ። አዲሱ የተካው ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን መጽሐፎች እንጂ ሁሉንም አይደለም። የማጓጓዣው፣ የኢንሹራንሱ፣ የቼኩና የባንክ ሥራው ክፍል ዛሬም ያለው በአሮጌው ውስጥ ነው። ስለ ቼክ ክስ እየጻፈ አዲሱን ሕግ የሚጠቅስ ጠበቃ ሞልቷል። ሁለቱንም ገዝተሽ አንድ ላይ አስጠርዢ።

ከዚያ የሰበር ውሳኔዎች። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ የሚያስገድድ የሆነው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ነው። ውሳኔዎቹ ከ20 በላይ ቅጾች ሞልተዋል። ሁሉንም ካነበብሽ አትወጪውም፤ ስለዚህ ውልንና ንግድን የሚመለከቱትን ብቻ ለይተሽ፣ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ቁጥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተር ጻፊ። ያ ደብተር በኋላ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ይጠቅምሻል።

አካውንቲንግ ያልኩት ቀልድ አይደለም። የንግድ ሕጉ ነጋዴን የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ሽርክና ሲፈርስ፣ ትርፍ ሲከፋፈል፣ ኪሳራ ሲጠየቅ ክርክሩ ያለው እዚያ ደብተር ውስጥ ነው። የሂሳብ ሚዛንና የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ማንበብ የማትችል ጠበቃ ባለሙያ ምስክሩ በነገራት ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሥራ ወረዳ ቢሆን አይክፋሽ

ተመርቀሽ በቀጥታ ጠበቃ አትሆኚም። ፈቃዱ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አብዛኛው ወጣት አዲስ አበባ ገብቶ በአንድ ቢሮ ፎቶ ኮፒ እያነሣ ልምድ መቁጠር ይፈልጋል። እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ወይም በዳኝነት፣ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት በዐቃቤ ሕግነት፣ ወይም የባንክ የሕግ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት አሳልፊ።

ወረዳ ላይ ዳኛው ፋይል እንዴት እንደሚያነብ ታያለሽ። ጠዋት ብዙ መዝገብ የተደራረበበት ዳኛ የሚያነበው የመጀመሪያውን ገጽና የጠየቅሽውን ዳኝነት ነው፤ የቀረውን የሚያነበው እነዚያ ሁለቱ ካሳመኑት ነው። መጥሪያ ለምን እንደማይደርስ፣ የተላኪው ስልክ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ፣ ምስክር ችሎት ሲቀርብ ለምን ቃሉ እንደሚለወጥ፣ እነዚህን የምታውቂው እዚያ ነው።

ባንክ ብትገቢ ደግሞ የሌላውን ወገን ጨዋታ ትማሪያለሽ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ከሆነ ወዲህ በዚህ አካባቢ የባንክ ብድር የገበሬውንም የነጋዴውንም ቤት አንኳኩቷል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ተበዳሪውን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ አስጠንቅቆ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ብዙ ተበዳሪ ጠበቃ ጋ የሚመጣው የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ካየ በኋላ ነው። አንቺ ከውስጥ ስላየሽው ያ 30 ቀን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ማስጠንቀቂያው ለማን እንደደረሰ መጠየቅ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ምርት ሳይቀር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ይህ በገጠር ያለው ክርክር ገና እየመጣ ነው።

ደረጃ 4፦ ፈቃድ

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ አናጥፋ። የፌዴራል ፈቃድ በፍትሕ ሚኒስቴር፣ የክልሉ ፈቃድ በክልሉ ፍትሕ ቢሮ ይሰጣል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም የፌዴራሉ ያስፈልጋል። በፌዴራል ደረጃ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የድሮውን 199/1992 ተክቷል። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር የተቋቋመበት፣ ጠበቆችም ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት መመሥረት የቻሉበት ይኸው አዋጅ ነው። መግቢያ ፈተናው የሥነ ሥርዓትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ስለሚበዛበት ለዚያ ተዘጋጂ። ምርጫሽ መካነ ሰላምና ደሴ ከሆኑ በክልሉ ጀምሪ፤ የፌዴራሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች አትናቂያቸው። ብዙዎቹ የዳኛውን ጠባይ ካንቺ በላይ ያውቃሉ። ልዩነታችሁ እነሱ ስለጻፉት አለመጠየቃቸው፣ አንቺ ግን በፊርማሽ ተጠያቂ መሆንሽ ነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ፋይል ከላይ እስከ ታች

ይህን ክፍል በምሳሌ እንየው፤ ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው፣ ጉዳዩ ግን በየወሩ የሚገጥም ነው። በመካነ ሰላም እህል የሚነግዱ አንድ ሐጂ 120 ኩንታል ስንዴ በኩንታል 5,000 ብር ሒሳብ ለደሴ ዱቄት ፋብሪካ ልከዋል፤ በድምሩ 600,000 ብር። ፋብሪካው 200,000 በባንክ ከፍሎ ስምንት ወር ዝም ብሏል። ሐጂ ቢሮሽ መጡ።

«ሐጂ፣ ውል ነበራችሁ?»

«ልጄ፣ ከአባቱ ጋርም ሠርቻለሁ። ምን ውል ያስፈልጋል?»

«ታዲያ ምን ወረቀት አለዎት?»

«የሾፌሩ ፊርማ አለ፤ ልጄ ደግሞ በስልኩ ተጻጽፏል።»

ይበቃል፤ እንዲያውም ብዙ ነው። ነጋዴ እስኪጨርስ ይናገር፤ ካስቆምሽው ዋናውን ነገር ይረሳዋል። ሲጨርስ ግን ቀን በቀን ጻፊው፤ መቼ ተላከ፣ ማን ተረከበ፣ መቼ ተከፈለ፣ የመጨረሻው መልእክት ምን ይላል? የባንክ ማስተላለፊያውን ከባንኩ በማኅተም አስወጪ። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ የቴሌግራም መልእክትም የቴሌብር ደረሰኝም ማስረጃ ናቸው። ግን ስክሪን ሾት ብቻ አትያዢ፤ መልእክቱ ከስልኩ እንዳይጠፋ ደንበኛውን አስጠንቅቂ።

ሐጂ «አበደርኩት» ይላሉ። ሁሉም ነጋዴ ለዱቤ እንዲህ ይላል። አንቺ ክሱ ላይ ብድር ብለሽ ከጻፍሽ ግን ራስሽ ጉድጓድ ቆፈርሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። በ1952 የተጻፈው ይህ 500 ብር ዛሬ ጥቂት ኪሎ ጤፍ ቢገዛ ነው፤ አንቀጹ ግን አሁንም ይሠራል። የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ግን በመርህ የጽሑፍ ፎርም አይጠየቅበትም። ስለዚህ ክሱ ያልተከፈለ የሽያጭ ዋጋ ነው፤ ማስረጃውም የሾፌሩ ፊርማ፣ የባንኩ ወረቀትና መልእክቱ ነው። ያው ገንዘብ፣ ያው ሰው፣ ግን ስንት መዝገብ በዚህ ስም ምርጫ ተዘግቷል መሰለሽ።

ቀጥሎ፣ ማንን ነው የምትከሺው? እህሉን ያዘዘው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ባለዕዳው ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሩ ሊሆን ይችላል። የንግድ ምዝገባውን አውጪ። ሥራ አስኪያጁን ብቻ ከከሰስሽ «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ የክስ ምክንያት የለም ተብሎም ልትመለሺ ትችያለሽ።

ከመክሰስሽ በፊት ማስጠንቀቂያ ላኪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል ያልፈጸመን ወገን አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ ማስታወቅን እንደ ደንብ ያስቀምጣል። ቀነ ገደብ ያለው፣ በአደራ ፖስታ የተላከ ወይም በፊርማ የደረሰ አንድ ገጽ ይበቃል። ብዙ ክስ እዚህ ያልቃል። ባለዕዳው «ገንዘብ የለኝም፣ በሁለት ወር እከፍላለሁ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ እጅሽ ላይ የዕዳ ማመኛ ገባ ማለት ነው። ፊርማ ባለበት በቁርጥ የታወቀ ዕዳ ወይም በቼክ ላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ትችያለሽ፤ ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት። ቼክ ከሆነ ጊዜውን ቁጠሪ፤ ለክፍያ የሚቀርብበት ጊዜ ስድስት ወር ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ያስቀጣል፤ የወንጀሉ ዶሴ ግን ገንዘቡን አያስመልስልሽም፣ ለዚያ ፍትሐ ብሔሩን ራስሽ ማስኬድ አለብሽ።

የት ፍርድ ቤት? ይህ ጥያቄ ብዙ ወር ያስበላል። ፋብሪካው በፌዴራል መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ሊሆን ይችላል። ፌዴራል ማለት ግን አዲስ አበባ ሂጂ ማለት አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። ወረዳ ላይ ከፈትሽው ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሣብሻል፣ መዝገቡም ይዘጋል።

አቤቱታው አጭር ይሁን። ቁጥር 222 የሚጠይቃቸውን ሁሉ ያዢ፤ ፍርድ ቤቱ፣ ተከራካሪዎቹና አድራሻቸው፣ ፍሬ ነገሩ፣ ሥልጣኑ፣ የክሱ መጠን፣ የምትጠይቂው ዳኝነት። በ223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝሩን አያይዢ። «ማስረጃውን በኋላ አመጣለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ በመጀመሪያው የክርክር ቀን ያልቀረበ ሰነድ በበቂ ምክንያት ካልሆነ ተቀባይነት አያገኝም። ዳኝነት ስትጠይቂ ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱንና ወጪውን ለይተሽ በቁጥር አስቀምጪ።

ስለ ወለድ ትንሽ ልቆይ። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፤ ገንዘብ ይዞ ቀጠሮ የሚያስረዝም ተከሳሽ በየወሩ ያተርፋል። በንግድ ክርክር ተከሳሽ ወገን የሚሾመው ጎበዝ ጠበቃ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ለማሸነፍ ሳይሆን ለማቆየት ነው። ከሳሽ ስትሆኚ መሣሪያሽ ፍጥነት ነው። ተከሳሹ ንብረቱን እያሸሸ ከሆነ ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ አስደግፈሽ በቁጥር 151 ከፍርድ በፊት ማስከበሪያ ጠይቂ፤ የባንክ ሒሳቡን፣ መኪናውን፣ መጋዘን ያለውን ዱቄት በስም ጥቀሺ። «ንብረቱ ይከበርልኝ» ብቻ ብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ከንቱ ነው። ንብረቱን ማፈላለግ የሚጀመረው ሐጂ በመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እንጂ ፍርድ ከወጣ በኋላ አይደለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ይባል የለ።

መልሱ ሲመጣ ተከሳሹ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ይልሻል። በዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት መንገድ ተዘግቷል፣ ግጭት ነበር፣ ስለዚህ ይህ መከራከሪያ ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን፣ የተፈጥሮ አደጋንና የመንግሥት ክልከላን ይዘረዝራል። በቁጥር 1794 ግን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ ውሉን አክባጅ ያደረገ አዲስ ሕግ መውጣትም ከአቅም በላይ አይደለም ይላል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ሲወሰን ስንት አቅራቢ «ዋጋው ጨምሯል» ብሎ ውል ጣለ! ለእነሱ መልሱ 1794 ነው። ፋብሪካው ደግሞ እህሉን ወስዶ ፈጭቶ ሸጧል፤ መንገድ መዘጋቱ ገንዘብ በባንክ እንዳያስተላልፍ ከለከለው ወይ? ይህን በመስቀለኛ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቂና ተቀመጪ።

ችሎት ላይ የምትናገሪው ጭብጡ ላይ ብቻ ይሁን። «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለሽ ጀምሪ፣ የሰነዱን ገጽ ጥሪ፣ ጨርሺ። ከቀጠሮ አትቅሪ፤ ከሳሽ ቀርታ መዝገብ ሲዘጋ የሚሰማው ኀፍረት ለደንበኛ አይገለጽም። ከመካነ ሰላም ለደሴ ቀጠሮ የሚሄድ ጠበቃ ከዋዜማው ይነሣል።

ፍርድ ወጣ እንበል። ቀሪው አፈጻጸም ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 378 ማመልከቻ ታቀርቢያለሽ፣ ይግባኝ ካለ 60 ቀኑን ትቆጥሪያለሽ፣ የፍርድ ባለዕዳው ንብረት ሐራጅ ይወጣል። ከዚህ በፊት ያስከበርሽው ንብረት ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለ ፍርዱ በፍሬም ተሰቅሎ የሚቀር ወረቀት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ሽማግሌውን አትግፊ

ወሎ ላይ የንግድ ጠብ ሁሉ ችሎት አይደርስም። ሐጂውም ቄሱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ነጋዴዎቹ ነገም በአንድ ገበያ ስለሚገናኙ ይህ ብልህነት ነው። ደንበኛሽ ሽማግሌ ልኬያለሁ ሲል አትቆጪ። ግን ሦስት ነገር አድርጊለት። ይርጋው በሽምግልናው መሐል እንዳያልፍ ቀን ያዢ። ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን በጽሑፍ አድርጊና ሁለቱም በምስክር ይፈርሙ። መዝገብ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱን ለፍርድ ቤት አቅርበሽ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት በመዝገብ አስይዢው፤ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በቃል የቀረ እርቅ በሦስተኛው ወር ሌላ ክስ ሆኖ ይመለሳል።

ትልልቅ ውሎች ላይ ደግሞ የግልግል አንቀጽ ታያለሽ። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይህን ሁሉ ዳግም አደራጅቶታል፤ ኢትዮጵያም በ2012 የኒው ዮርክ ስምምነትን ተቀብላለች። በዚህ በኩል የሚሠራው የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ነው። ለመካነ ሰላም እህል ነጋዴ ግን የግልግል ዋጋ ውድ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ገልጋይ የሚያስከፍለው ከዕዳው ሊበልጥ ይችላል። ውሉን ስታረቂ ይህን አስቢ።

ደረጃ 7፦ ገንዘብሽና ስምሽ

የራስሽን የጥብቅና ውል በጽሑፍ አድርጊ። ሌላውን ወረቀት ያዝ እያልሽ ከደንበኛሽ ጋር በቃል የምትሠሪ ከሆነ ክፍያሽ እንደ ሐጂ ስንዴ ይሆናል። የደንበኛ ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከራስሽ ኪስ ጋር ከተቀላቀለ ፈቃድሽ የሚወድቀው በዚያ ነው።

ትንሽ ከተማ ላይ ከባዱ የጥቅም ግጭት ነው። ከሳሹም ተከሳሹም ዘመድሽ ናቸው፤ አንዱ ዛሬ ስልክ ደውሎ «ትንሽ ምክር ብቻ» ይልሻል። ያን ምክር ከሰጠሽ በኋላ ለሌላው መቆም አትችዪም። ስለዚህ ስልክ የደወለን ሁሉ ስሙንና ጉዳዩን የምትጽፊበት ደብተር ያዢ፣ አዲስ ፋይል ስትቀበዪም አስቀድመሽ እሱን ተመልከቺ። የጥብቅና ሕጉ ደግሞ ጠበቃ በየዓመቱ የተወሰነ ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይጠይቃል። በዚህ ሀገር በእቁብ ገንዘብ የተጭበረበሩ፣ ውርሳቸው በሽርክና ስም የተወሰደባቸው ሴቶች ስላሉ ያን ሰዓት መሙላት አያስቸግርም።

ደረጃ 8፦ ወዴት ትሄጃለሽ?

አምስት ስድስት ዓመት ከሠራሽ ሁለት መንገድ ይከፈታል። አንዱ ደሴ ቢሮ ከፍቶ የክልሉን ነጋዴ መያዝ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ መለየት ነው፤ ግንባታ፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ ያያል፤ ትልልቁ ከዚያ በላይ ይጀምራል። በ2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ስለፈቀደ የሚመጣው ዓይነት ክርክር እዚያ ይበዛል። እኔ ከሁለቱ ደሴን እመርጣለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ አንቺን የሚመስል ጠበቃ በየፎቁ ነው፣ ከመካነ ሰላም እስከ ኮምቦልቻ ያለው ነጋዴ ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ከሽርክና የምትለይለት ሰው ይፈልጋል። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፤ ደኅና ገቢ ስላላቸው አልፈርድባቸውም።

የትም ብትሆኚ ከክስ የበለጠ ገቢ የሚያመጣ ሥራ እንዳለ አትርሺ፤ ክስ እንዳይመጣ ማድረግ። ሐጂ ገንዘባቸውን ሲያገኙ ቀጣዩን ጭነት ከመላካቸው በፊት አንድ ገጽ ውል አዘጋጂላቸው። በውስጡ የዕቃው ዓይነትና ደረጃ፣ ብዛቱ በኩንታል፣ በማን ሚዛን እንደሚመዘን፣ ዋጋው፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ዘግይቶ ከሆነ የሚከፈለው መቀጫ፣ የገዢው ሙሉ ስምና የንግድ ምዝገባ ቁጥር፣ የፈራሚው ሥልጣን፣ ክርክር ሲነሣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያይ፣ ቀን፣ የሁለቱ ፊርማና ሁለት ምስክር ይኑሩበት። አንድ መቶ ቅጂ አሳትሚና ጭነት በላኩ ቁጥር እንዲሞሉት ስጫቸው፤ ዋናው በእጃቸው፣ ቅጂው ቢሮሽ ይቀመጥ።